ለጣና ጀልባ የትኛው ላይፍ ጃኬት ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። ወደ ዘጌ ተሳፋሪ ለሚያመላልስ ጀልባዎ 12 ላይፍ ጃኬት ሊገዙ መሆኑን ገልጸው፣ በጋዝ የሚነፋው ይሻላል ወይስ ፎም ያለው ብለው ለጠየቁን ወንድማችን፣ ባሕር ዳር ላይ በጀልባ ሥራ ካየሁት ጥቂቱን ልጻፍ።

እኔ ፎም ያለውን እመርጣለሁ። የሚነፋው ቀላልና ሙቀት የማያበዛ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተነፋ የጋዝ ጠርሙሱ መተካት አለበት፣ ሳይነፋም በየጊዜው መፈተሽ ይፈልጋል። አንድ ልጅ በጨዋታ ጃኬቱን የሚያስነፋውን ገመድ ቢስበው ለነገው ጉዞ መተኪያውን ከየት ያመጡታል?

ከዚያ መለያው ላይ በኒውተን (የማንሳፈፍ ኃይል መለኪያ ነው) የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። 10 ኒውተን 1 ኪሎ ገደማ ይሸከማል። የሰውን ክብደት አብዛኛውን ውኃው ራሱ ስለሚይዝ 50 ኒውተን ለማንሳፈፍ ያንስ አይመስልም፤ ሆኖም የተሠራው ዋና ለሚችልና ረዳት በቅርብ ላለው እንጂ፣ ራሱን የሳተን ሰው ገልብጦ ፊቱን ወደ ላይ ለማዞር አይደለም። ጋቢ የደረቡ፣ ዋና የማያውቁ አባቶችና እናቶች ለሚሳፈሩበት ጀልባ ከ100 በታች አይግዙ።

እኔን ያስተማረኝ ግን ልኩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዋጋውን ብቻ አይቼ ከአንድ ሻጭ 8 ጃኬት ገዛሁ። ረዳቴ አንዱን ለብሶ ደረቱ ድረስ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ሲዘል ጃኬቱ ሽቅብ ወጥቶ ጆሮውን ሸፈነው፤ ሁለት እጁ ጃኬቱን ቁልቁል በመጎተት ተያዘ። በጭን መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ አልነበረውም። ስለዚህ ሳይከፍሉ በፊት አንድ ሰው አልብሰው፣ ማሰሪያውን ሁሉ አጥብቀው፣ ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ አገጩንና ጆሮውን ከነካ ሰፍቶታል። የልጆቹም በክብደታቸው ይመረጣል፤ እንደ ዩኒፎርም «ያድግበታል» ተብሎ አይገዛም። ፉጨትና የሚያብረቀርቅ ጥብጣብ ካለው መልካም ነው።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ጀልባው ሲናወጥ ማልበስ ስለማይቻል፣ ከወደቡ ሳይነሡ ያስለብሱ። ወንበሩ ጠነከረኝ የሚል ተሳፋሪም ጃኬቱን ከሥሩ እንዳያነጥፈው ይከልክሉ፤ ፎሙ ሲጨፈለቅ የመንሳፈፍ ኃይሉ ይቀንሳል። ማታ ደግሞ የደንገል ታንኳ ከሥራ በኋላ ቆሞ እንደሚደርቀው ሁሉ ጃኬቱንም ይስቀሉት፣ ብቻ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይሁን።