ችላለች ወይስ ችላ አለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። አያታችን ካረፉ በኋላ ከሳጥናቸው አንድ ደብተር አገኘን። በእጃቸው የጻፏት ይቺ ግጥም አለችበት፦

ውርጩ ሲበረታ እሳቷን ዳፍናለች፣
ጎረቤት ምን ያውቃል ሁሉንም ችላለች።

እኔ ስለ ውስጥ ብርታት የተገጠመች ናት እላለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን «በብርድ እሳት ይነደዳል እንጂ ይዳፈናል? ሴትዮዋ ቤቷን ችላ ብላለች ነው የሚለው» ብሎ ድርቅ አለ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ በወንድምዎ ላይ ቶሎ አይፍረዱ። ያሳሳታቸው ፊደላችን ነው። የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ላ»ን አላልተው «ለ»ን ካጠበቁ፣ ቃሉ ከ«ቻለ» የመጣ ነው፤ ተሸክማለች፣ ታግሣለች ማለት ነው። «ላ»ን አጥብቀው «ለ»ን ካላሉ ደግሞ «ችላ አለች» ይሆናል። በደንቡ ይሄኛው ተነጣጥሎ ነው የሚጻፈው። ግን ሰው በእጁ ሲጽፍ እንዳፉ ይገጥመዋል።

ለእኔ ነገሩን የሚፈታው «ዳፍናለች» ነው። ዛሬ «ጉዳዩ ተዳፈነ» ሲባል ተቀበረ፣ ቀረ ማለት ስለሆነ ቃሉ ክፉ ክፉ ይሸተናል። የምድጃው መዳፈን ግን ማጥፋት አይደለም። መንዝ ያለችው አክስቴ ማታ ራት ከተበላ በኋላ ፍሙን ወደ መሃል ትሰበስባለች። አመድ ታለብሰዋለች። ከዚያ በእንጨት ጫፍ መታ መታ ታደርገዋለች። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጋ የደረቀ ኩበት ቁራሽ ጣል ታደርግና እፍ ትላለች። ዓይኗ በጭስ እንባ ይሞላል፣ እሳቱ ይያዛል። «ክብሪት እያለ ምን አስለፋሽ?» ብላት «ክብሪት ያልቃል» አለችኝ።

እናንተ አገር ደግሞ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ባቄላውን አቃጥሎ እንደሚያድር ለእርስዎ አልነግርዎትም። እንደዚያ ባለ ሌሊት ሲንቦገቦግ ያመሸ እሳት ሳይነጋ አመድ ይሆናል። የተዳፈነው ነው የሚያድረው። ታዲያ በደጅ ለሚያልፍ ሰው ጭስም ብርሃንም የለም። «እሳት እንኳ የላትም፣ ቤቷን ትታዋለች» ቢል አይፈረድበትም። «ጎረቤት ምን ያውቃል» የምትለው እዚህ ጋ ነው ቦታዋ።

ስለዚህ አያትዎ አውቀው ነው ያደረጉት ባይ ነኝ። «ችላ አለች» ሰሙ ነው፤ የጎረቤቱ ንባብ። ወርቁ «ችላለች» ነው። ሐረጉም (ግማሽ ስንኙ) ስድስት ቀለም፣ ማለት ስድስት የድምፅ ክፍል ነው፤ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምት። «ችላ አለች» ተነጣጥሎ ቢነበብ አንድ ቀለም ይተርፍ ነበር። ወንድምዎ ሰሙን ይዘዋል፣ እርስዎ ወርቁን።

ግጥሟ ውስጥ ጀግና የለም፣ ወኔ የለም። ድፍረትም የለም፤ ደግ አደረጉ። አንዲትን ልጅ «ደፋር ናት» ሲሏት ብዙ ጊዜ ስድብ ነው። የእኛ «ቻለ» ግን ጉደኛ ቃል ነው። መሸከምም ማድረግ መቻልም በአንድ ቃል ይሄዳሉ። «ሥራውን ቻለው» እንላለን፣ «ኀዘኑን ቻለው» እንላለን፣ «ወጪውን ራሷ ቻለች» እንላለን። እግዚአብሔርን «ሁሉን ቻይ» ስንል የሚሳነው የለም ማለታችን ነው። አንዲት እናት «ቻይ ናት» ስንል ግን ስንቱን ተሸከመች ማለታችን ነው። አያትዎ «ሁሉንም» ብለው ሁለቱን ሳያጋጩ አልቀሩም። አንዳንዱ ይህን ዝም ብሎ መቀመጥ ነው ይለዋል። አይመስለኝም። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እሳት አይዳፍንም፤ እጅ ያስፈልገዋል፣ ነገን ማሰብም ያስፈልገዋል።

ደብተሩ ላይ ሌላ ካለ ይላኩልኝ። እኚህ ሴትዮ አንድ ብቻ ገጥመው የሚተዉ አይመስሉም።