መልስ፦ ፕሬስትዊክ ዛሬም የጥንቱ ሜዳ ነው?

የብሪታንያ ኦፕን የተባለው የጎልፍ ውድድር የተወለደበት የስኮትላንዱ የጎልፍ ሜዳ ፕሬስትዊክ ለምን እንደተረሳና ከጥንት ቅርጹ ምን እንደቀረው ለጠየቁት፣ የማውቀውን ላካፍልዎት።

የጎልፍ ተጫዋችና የሜዳ ቀያሽ የነበረው ኦልድ ቶም ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1851 የቀየሰው ሜዳ 12 ጉድጓዶች (ኳሱ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ከነመጫወቻ መስመራቸው) ብቻ ነበሩት፤ መሬቱ ጠባብ ስለነበር የመጫወቻ መስመሮቹ እርስ በርስ ይቋረጡ ነበር። በ1860 የተካሄደው የመጀመሪያው ኦፕንም ስምንት ተጫዋቾች ይህንኑ ሜዳ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ዞረው ያጠናቀቁት ነው። በኋላ ሜዳው ወደ 18 ጉድጓዶች ሲሰፋ፣ ከጥንቶቹ አንዳንዶቹ ከነቦታቸው ተጠብቀዋል።

ከእነዚህ ዋነኛው ዛሬ 17ኛ የሆነው «አልፕስ» ነው። ተጫዋቹ ሁለተኛውን ምት ሲመታ ከፊቱ የሚያየው የአሸዋ ኮረብታውን ብቻ ሲሆን፣ ከኮረብታው ጀርባ ደግሞ «ሰሃራ» የተባለው ሰፊ ባንከር (የአሸዋ ወጥመድ) ከግሪኑ፣ ማለትም ቀዳዳው ካለበት ለስላሳ ሣር፣ በፊት ይጠብቀዋል፤ ጨርሶ ሲወጣም ተከታዮቹ እንዲመቱ ደወል ይደውላል። ግሪን የማይታይበትን አጨዋወት የዕድል ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም፤ ምክንያቱም ሲ.ቢ. ማክዶናልድን የመሰለ የጎልፍ ሜዳ ቀያሽ ይህንኑ ንድፍ ወስዶ ኒው ዮርክ በሚገኘው ናሽናል ጎልፍ ሊንክስ በተባለ ሜዳ ሦስተኛ ጉድጓድ ላይ ሠርቶበታል።

ፕሬስትዊክን ከኦፕን ያስወጣው ንድፉ ብቻ ሳይሆን በዋናነት የቦታው ጥበት ነው። በ1925 በአምስት ምት ሲመራ የነበረው ተጫዋች ማክዶናልድ ስሚዝ፣ ሜዳውን ባጥለቀለቀው ተመልካች መካከል የመጨረሻውን ዙር በ82 ምት ጨርሶ ተሸነፈ፤ ለ24ኛ ጊዜ የተስተናገደው ያ ውድድርም የፕሬስትዊክ የመጨረሻው ኦፕን ሆነ።