የተሰረዘ ፖስትሽን መልሰሽ ከመለጠፍሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው የራሴ ታሪክ መሰለኝ። ቴሌግራም ላይ ያለ የፎቶግራፍ ግሩፕ ውስጥ ለድመት ግልገሎች አሳዳጊ ፈልገሽ ለጠፍሽ፣ አድሚኑ ምንም ሳይልሽ አጠፋው። አሁን መልሼ ልለጥፈው ወይስ እዚያው ሰው ፊት ለምን ብዬ ልጠይቀው ነው የምትዪው። ሁለቱንም አታድርጊ። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ።

1. ግሩፑ አናት ላይ ፒን የተደረገውን ሕግ አንብቢ። ስለ ሌላ ርዕስ ዝም ካለ ደግሞ ወደ ኋላ ሄደሽ ሰዉ ምን እንደሚለጥፍ እዪ። ይሄ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው አርኤፍሲ 1855 የተባለው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ እንኳ አዲስ ሰው ምንም ከመጻፉ በፊት ከአንድ እስከ ሁለት ወር ዝም ብሎ እንዲያነብ ይመክራል።

2. አድሚኑን በውስጥ አናግሪው። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። አክስቴ ታማ ደም ያስፈልጋት ነበር። ሦስት ዓመት የቆየሁበት የፎቶ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩ። ደቂቃ ሳይቆይ ጠፋ። መልሼ ለጠፍኩ፣ እሱም ጠፋ፣ ከዚያ አድሚኑ «ይሄ የፎቶ ግሩፕ ነው፣ ማንበብ አትችልም?» ብሎ ጻፈልኝ። ከሳምንት በፊት ግን የራሱ ጓደኛ መኪና ሲሸጥ ማስታወቂያው ማንም ሳይነካው ውሎ አድሯል! ደሜ ፈላ። የሁለቱንም ስክሪንሹት ግሩፑ ላይ አወጣሁት። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፣ ገሚሱ ለእኔ ገሚሱ ለእሱ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ተሰዳደብን። ማንም ግን የደም ዓይነቷ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ማለትም እኔ አላየሁም እንጂ ሁለት ሰዎች በውስጥ ጠይቀውኝ ነበር። እኔ ክርክር ላይ ስለነበርኩ መልእክታቸውን ያየሁት ጠዋት ነው። ደሙ ከዘመድ ተገኘ፣ ተመስገን። ያ ሌሊት ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

ጠዋት ባን ተደርጌያለሁ። በሦስት ዓመት ውስጥ ፎቶዎቼ ላይ ሰዎች የሰጡኝ አስተያየት ሁሉ አብሮ ሄደ። ከርዕስ የወጣ ፖስት ግፋ ቢል ይሰረዛል፤ የሚያስባርረው ከዚያ በኋላ ያለው ጠብ ነው። አድሚኑ ያን ቀን አድልቷል፣ ዛሬም ይህን እላለሁ። ግን አድሎውን በውስጥ ብነግረው ኖሮ ምናልባት ያፍር ነበር። ሺህ ሰው ፊት ስነግረው ግን የሚያፍርበት ቦታ አሳጣሁት።

3. ፈቃድ ስትጠይቂ አጭር ይሁን። ምን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንዲቆይ እንደምትፈልጊ፣ ሲያልቅ ራስሽ እንደምታጠፊው። ከፈቀደልሽ አናቱ ላይ «ከርዕስ ውጪ» ብለሽ ጻፊበት፣ ሰው ፎቶውን አውጥቶ አስተያየት እየተቀበለ እያለ መሃል አትግቢበት። ከከለከለሽ ተይው። ለአባላቱ አንድ በአንድ በውስጥ መላክም እንዳያምርሽ፤ ሰዎች ስፓም ብለው ሪፖርት ካደረጉሽ ቴሌግራም ለማታውቂው ሰው መጻፍ ሊከለክልሽ ይችላል።

ቀጥሎ የገባሁበት ግሩፕ አድሚን ጋ በውስጥ ሄጄ «ልዩ ልዩ» የሚባል ቶፒክ፣ ማለትም እዚያው ግሩፕ ውስጥ የተለየ የውይይት ክፍል፣ ለብቻው እንክፈት አልኩት። ቴሌግራም ላይ ይሄ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ። ያልፈለገ ሰው ያንን ቶፒክ ብቻ ሚዩት ያደርገዋል። አድሚኑ እያመነታ ተቀበለኝ። ዛሬ የታመመም፣ ሥራ የሚፈልግም፣ ዕቃ የጠፋበትም እዚያ ይጽፋል፣ ስለ ሌንስ የሚያወራውንም ማንም አይረብሸውም። በዚህ እኮራለሁ። ለአድሚንሽ ይህን ሐሳብ አቅርቢለት፣ ንዴትሽ በረድ ሲል።

ለመሆኑ ግልገሎቹ ስንት ናቸው? ጡት ጥለዋል? ፎቶአቸውን በውስጥ ላኪልኝና እኛ ጋ «ልዩ ልዩ» ላይ እለጥፍልሻለሁ።