የኩሊኮይድስ ጥናት ሥራ ያስገኛል ወይ?

ውድ ጠያቂያችን፣ ባዮሎጂ ጨርሰሽ ለማስተርስ መመረቂያሽ ኩሊኮይድስ የምትባለውን ተናካሽ ትንኝና በውስጧ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ልታጠኚ እንዳሰብሽ፣ ጓደኞችሽ ግን «ወባን ትተሽ በዚህ ማን ይቀጥርሻል?» እንዳሉሽ ከጅማ ጽፈሽልናል። ርዕሱን አትተዪው፤ አጥብቢው።

ትንኟ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታንና በግ የሚያጠቃውን ብሉታንግ የምታስተላልፈው ግን እሷ ናት። ጋሪ ጎታች ፈረስ የቤተሰብ እንጀራ በሆነበት ከተማ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። በሌሎች አገሮች በኩሊኮይድስ ውስጥ ካርዲኒየም፣ ወልባኪያና ሪኬትሲያ የተባሉ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ወልባኪያ በሌላ ትንኝ ውስጥ የዴንጊን ቫይረስ ስለገታ ብቻ «እዚህም ይገታል» ብለሽ ፕሮፖዛል እንዳትጽፊ፤ በሁለት ዓመት አታደርሺውም። «በጅማ የፈረስ ጋጣዎች ከተያዙ ሴት ትንኞች ስንቶቹ ካርዲኒየም አለባቸው?» የሚለው ይበቃሻል።

ባለ 8 ዋት አልትራቫዮሌት ወጥመድ ከጋጣው አጠገብ፣ ከመሬት 1.5 ሜትር ያህል ከፍ አድርገሽ ሳይመሽ ስቀዪ፤ ሲነጋ አውርጂ። ነፋስ ባለበት ሌሊት አትድከሚ፣ አይበሩም። መግቢያው ላይ ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር የሆነ መረብ ካልወጠርሽ የእሳት ራት ገብቶ ክንፋቸውን ያበላሻል። ክንፋቸው ደግሞ መታወቂያቸው ነው፤ በማይክሮስኮፕ ስታዪው ነጣ ነጣ ያሉት ነጠብጣቦች አቀማመጥ ዝርያውን ለመለየት ይረዳሻል። የያዝሽውን በዚያው ጠዋት ወደ 95 በመቶ ኤታኖል አዛውሪ። ደም የጠጡትን ለብቻ አስቀምጪ፣ ደም ፒሲአርን (ዲኤንኤን አባዝቶ የሚያሳየውን ምርመራ) ያውካል።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ በፒሲአር ውጤቱ ላይ ባንድ (የተባዛው ዲኤንኤ የሚታይበት መስመር) አልወጣም ማለት ባክቴሪያው የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ዲኤንኤው ተበላሽቶ ይሆናል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ናሙና የትንኟን የራሷን ጂን (ሲኦአይ) አብረሽ አሠሪ። እሱ ወጥቶ ካርዲኒየም ካልወጣ ብቻ «የለም» ብለሽ ጻፊ። ውኃ ብቻ የያዘው ቱቦ ባንድ ካሳየ ብክለት ነው፤ ዙሩን በሙሉ ድገሚው።

ስለ ሥራው፣ «የኩሊኮይድስ ባለሙያ» የሚል ማስታወቂያ አትጠብቂ። የሚቀጥሩሽ ወጥመድ መትከል፣ ዝርያ መለየትና ፒሲአር ስለምትችዪ ነው፤ እነዚህ በወባ ትንኝ ምርምርም በእንስሳት ጤና ላቦራቶሪም ይፈለጋሉ። ሲቪሽ ላይ ስንት ትንኝ እንደለየሽ በቁጥር አስፍሪ። ሰቆሩ ያለውን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የትሮፒካል በሽታዎች ምርምር ማዕከል፣ የፈረስ በሽታውን ክትባት የሚያመርተውን የቢሾፍቱውን ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩትም (NVI) ለተግባር ልምምድ ጠይቂ።

ፕሮፖዛሉን ከማስገባትሽ በፊት በሦስት ጋጣዎች አንድ አንድ ሌሊት ሞክሪና ሴቶቹን ቁጠሪ። የናሙና ብዛትሽን የምትወስኚው ከዚያ በኋላ ነው።