ባለቤቶቹ ሰዋስው አይማሩም?

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለዓመታት ተምሬያለሁ። አሁን በሥራ ምክንያት ከአንድ እንግሊዛዊ ጋር በየቀኑ እንጻጻፋለን። በቀደም «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» ብዬ ብጽፍለት፣ «ሃቭ ሲን» የሚለውን «ሶው» ብሎ አረመው። ምክንያቱን ብጠይቀው «እንዲያ አይባልማ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። «ሃቭ ሲን» ያለበት የግስ ጊዜ የሚጠራበትን «ፕረዘንት ፐርፌክት» የሚለውንም ስም አያውቀውም። እሱ ራሱ ደግሞ «ሹድ ሃቭ» ማለት ሲገባው «ሹድ ኦቭ» ብሎ ይጽፋል። እነሱ ሰዋስው አይማሩም እንዴ? ካልተማሩስ እኔ ለምን እለፋለሁ?

መልስ፦ ይማራሉ፤ ትምህርቱ ግን የእርስዎ ዓይነት አይደለም። እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበትን ልጆችም፣ ቋንቋውን ጎልምሰው የጀመሩትንም አስተምሬያለሁ። በሁለቱ ክፍሎች ይዤ የምገባው የሰዋስው መጽሐፍ ፈጽሞ አይገናኝም ነበር።

አፉን የፈታበት ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ አብዛኛውን ሰዋስው ይዞት ይመጣል። ጂን በርኮ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ወፍ የምትመስል ፍጥረት ሥዕል ለሕፃናት አሳይታ «ይህ ዋግ ይባላል» አለቻቸው። ስሙ የራሷ ፈጠራ ነበር። ሁለት ሲሆኑስ ብትላቸው «ዋግዝ» አሏት። ሰምተውት የማያውቁትን ቃል አበዙት፤ ሕጉን ማንም ሳያስረዳቸው ከሚሰሙት ንግግር አውጥተውታል ማለት ነው።

ስለዚህ ለእነሱ መምህሩ የሚጨምረው ስያሜና የጽሑፍ ሥርዓት ነው። በእንግሊዝ አገር ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ጨራሾች የሰዋስው፣ የሥርዓተ ነጥብና የፊደል አጻጻፍ ፈተና ይቀመጣሉ። ከዚያ በፊት፣ በተለይ ከ1960ዎቹ ወዲህ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ሰዋስውን ለብቻው ማስተማር ትተው ነበር። ባልደረባዎ በዚያ ዘመን የተማረ ከሆነ ስያሜውን አለማወቁ አያስገርምም።

«ሹድ ኦቭ» የመጣው ከጆሮ ነው። «ሃቭ» በፈጣን ንግግር ሲዋጥ ከ«ኦቭ» አይለይም። እርስዎ ቃሉን መጀመሪያ ያገኙት በዓይንዎ ስለሆነ አይሳሳቱትም። የእኔ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ብዙ ሰዓት የሚፈጁት እንዲህ ባሉ፣ ድምፃቸው አንድ ሆኖ አጻጻፋቸው በሚለያይ ቃላት ላይ ነበር።

የእርስዎ ችግር ሌላ ነው። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ቢሉ የሚያርምዎት የለም። በእንግሊዝኛ ግን «ሃቭ ሲን» እንደ «የስተርደይ» ካለ፣ ያለቀ ጊዜን ከሚጠቅስ ቃል ጋር አይሄድም። ይህን ለእንግሊዛዊ ልጅ ያስተማረው የለም፤ ስለማይሳሳተው። «ቢግ ሬድ ባግ» እንጂ «ሬድ ቢግ ባግ» እንደማይባልም እንዲሁ። «ኢፍ» ያለባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልን የምንቆጥረውም ለውጭ ተማሪ ነው፤ ብዙ እንግሊዛውያን ቁጥሩን ሰምተውት አያውቁም።

«እነሱ ሳይማሩ ካወቁ እኛስ ሕጉ ምን ያደርግልናል?» የሚለውን ምክር አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ሕፃኑ ከእንቅልፉ ነቅቶ እስኪተኛ ቋንቋውን ይሰማል። እርስዎ ያገኙት በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ያንን ጉድለት የሚያካክስልዎ ሕጉ ነው። የሚያሳዝነኝ ብዙ መምህራን ባዶ ቦታ አስሞልተው ማቆማቸው ነው። ሕጉን ባወቁ ዕለት ስለ ራስዎ ሥራና ቤተሰብ በዚያው ሕግ ይጻፉ፤ ከዚያ በሚያነቡት ጽሑፍ ውስጥ እየፈለጉ ያግኙት።

ባልደረባዎን ምክንያት አይጠይቁት። ሁለት ዐረፍተ ነገር ያቅርቡለትና «አንተ የቱን ትላለህ?» ይበሉት፤ በዚህ ከእሱ የተሻለ ዳኛ የለም። ምክንያቱን ለውጭ ተማሪ ከተዘጋጀ መጽሐፍ ይፈልጉ። ሲገዙ ማውጫውን ይመልከቱ፦ ስለ ግስ ጊዜያት፣ ስለ «ኤ» እና «ዘ» በሰፊው ካተተ ለእርስዎ ነው። ብዙው ስለ ነጠላ ሰረዝና ስለ ፊደል አጻጻፍ ከሆነ ግን ለባልደረባዎ ልጆች የተጻፈ ነውና ይለፉት።