«ወይ ካሜራው ወይ እኔ» አልኩት፤ ዝም አለ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደሴ ነው። ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት ይሠራል። ስንጋባ አንዲት አሮጌ ካኖን ነበረችው። ቅዳሜ ሐይቅ ሄዶ ውሃው ዳር ወፍ ያነሳል፤ ጠዋት ጦሳ ተራራ ላይ ጉም ሲያርፍ ያነሳል፤ እኔም አብሬው እሄድ ነበር። ከ3 ዓመት በፊት የአክስቱ ልጅ ስታገባ ቀብድ የበላው ፎቶ አንሺ ሳይመጣ ቀረና «አንተ አንሳ» ተባለ። ፎቶው አማረ። ከዚያ ወዲህ ዘመዱም ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም የሚጠራው እሱን ነው። ጥር ከገባ ቅዳሜና እሁድ ባል የለኝም። ግማሹ «ዘመድ አይደል» እየተባለ ሳይከፍል ይቀራል፤ የተከፈለውም ሌንስ ይገዛበታል። ባለፈው እሁድ ማታ «ወይ ካሜራው ወይ እኔ» አልኩት። ዝም አለ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዝምታውን ካሜራውን እንደመረጠ አትቁጠሪው። ሙሽሪት ስትኳል ጀምሮ እንግዳው እስኪበተን ቆሞ የዋለ ሰው በዚያ ሰዓት ስለ ምንም ነገር የሚመልሰው የለውም። (እኔ በሠርጌ ቀን ያነሳኝ ልጅ ምሳ ይብላ አይብላ እስከ ዛሬ አላውቅም።)

ደብዳቤሽ ውስጥ ዓይኔ የቆመው «አንተ አንሳ ተባለ» የምትለው ላይ ነው። ባለቤትሽ ሠርግ አንሺ ልሁን ብሎ አልወሰነም፤ ተባለ፣ አነሳ። አክስት ስትጨነቅ ማን እምቢ ይላል? የአክስትን ልጅ ካነሱ በኋላ ደግሞ የአጎትን ልጅ እምቢ ማለት ቅያሜ ነው። ወሎ ላይ ይህ ይብሳል። የዓቢይ ጾም 55 ቀን የክርስቲያኑን ሠርግ ሲያስቆም የሙስሊሙ ኒካህ ይቀጥላል፤ ዘመዱና ወዳጁ ከሁለቱም ወገን የሆነ ሰው ካሜራውን የሚያሳርፍበት ወቅት የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች መሣል የሚወዱ ሕፃናትን ወስደው ለአንዱ ቡድን «ከሣላችሁ ሽልማት አለ» ብለው አስቀድመው ነገሩ። ቆይቶ ሽልማት በሌለበት በትርፍ ጊዜያቸው መሣል የቀነሱት እነዚህ ነበሩ። ሳይነገራቸው በድንገት የተሸለሙት ግን እንደ ድሮው ሣሉ። የሕፃን ነገር ለጎልማሳ በቀጥታ አይቀዳም። ቢሆንም ልጠይቅሽ፤ ባለቤትሽ ለመጨረሻ ጊዜ ወፍ ያነሳው መቼ ነው? አንቺ የናፈቀሽ ሰውዬ እሱንም ሳይናፍቀው አይቀርም።

ይህን ያልኩት ቅሬታሽን ለማቅለል አይደለም። የቤቱን ቅዳሜና እሁድ ለሰው ሲሰጥ አላማከረሽም፤ ሌንስ ሲገዛም አላማከረሽም። መኮረፍሽ ልክ ነው። ያልተመቸኝ «ወይ ወይ» ያልሽው ነው፤ ምክንያቱም ሦስተኛ መንገድ እያለ ዘጋሽበት። ስለዚህ መጀመሪያ ያን ቃልሽን መልሺ፤ «ተናድጄ ነው» በይው። ቀኑ ሠርግ የዋለበት ማታ አይሁን። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ቡና አፍልተሽ፣ «ከእነዚህ ሁሉ ሠርጎች ወደህ የሄድክበት የትኛው ነው?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱን ሳታቋርጪ ስሚ፤ ምናልባት ሥራውን ከልቡ ወዶት ይሆናል። ከወደደው የቤታችሁ ሥራ ይሁን፤ በወር ስንት ሠርግ፣ ቀብዱ ስንት፣ ሌንስ ከየትኛው ገንዘብ እንደሚገዛ አብራችሁ ጻፉት። ለእህት ወንድምና ለአክስት ልጅ ፎቶው ራሱ የሠርግ ስጦታችሁ ይሁን፤ ሌላ ብር አትጨምሩ። ከዚያ የራቀ ይከፍላል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ቀጠሮ መያዙንና እምቢ ማለቱን ራሳቸው ይወስዱታል። ለጊዜው ይሠራል። ዓመት ሳይሞላ ግን «ሚስቱ ከለከለችው» ይባልና የዘመዱ ሁሉ ቅያሜ አንቺ ደጅ ይወድቃል፤ እሱም እምቢ ማለትን ሳይለምድ ይቀራል። «ያ ቀን ተይዟል» የምትለውን ቃል በገዛ አፉ ይናገራት። መጀመሪያ ሲላት ይንተባተባል፤ ስልኩን ቀምተሽ አትጨርሺለት።

ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው የተያዘ ቀን የእናንተ ቅዳሜ ይሁን፣ ሐይቅ ዳር። ያቺ አሮጌ ካኖን ካልተሸጠች እሷን አስይዢው፤ አዲሶቹ ሌንሶች ቤት ይቆዩ።