የሁዳዴ ሽሮ ለድመቷ ይበቃታል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ «ባሕር ዳር ነው ያለነው፤ ሁዳዴን 55 ቀን ቤታችን ሥጋ አይገባም፣ ድመቷም ከቤት አትወጣም። በሽሮና በእንጀራ ትከርማለች?» ብለሻል። ነፍሷ ይከርም ይሆናል፤ ጤናዋ ግን አይከርምም። ጾም የታዘዘው ለሰው ነው። «የገጠር ድመታችን ዕድሜዋን ሙሉ ሽሮ በላች» የምትሉም ማታ ማታ ጎተራ ሥር የምትይዘውን አይጥ ቁጠሩላት እንጂ!

1. ዋናው ጣጣ ታውሪን ነው፤ ለልቧና ለዓይኗ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር። ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በሰውነቱ ይሠራዋል፣ ድመት ግን የሚበቃትን መሥራት አትችልም። ሽምብራና ጤፍ ውስጥ የለም፤ ሥጋና ዓሣ ውስጥ አለ፣ በተለይ ልብ ላይ። ጉድለቱ ወራት ቆይቶ ስለሚታይ ሰው ይዘናጋል። የልቧ ጡንቻ ይደክማል፣ ዓይኗም ከውስጥ ይጠፋል። ልቡ ቶሎ ከተደረሰበት ያገግም ይሆናል፣ የጠፋ ዓይን ግን አይመለስም። ሁዳዴ ብቻውን ባይጎዳት የሐዋርያት፣ የፍልሰታና የነቢያት ጾም ሲደመርበት አስቢው። ካሮትም ሥጋን አይተካላትም፤ የካሮቱን ቀለም ወደ ቫይታሚን ኤ መቀየር አትችልም።

2. ሽሮው ራሱ ቁሌት አለበት። ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ቢበስልም፣ ቀይ የደም ሴሏን ይሰብራል። ለ4 ኪሎ ድመት 20 ግራም ሽንኩርት፣ ማለትም የአንድ ትንሽ ራስ ሩብ፣ ለመመረዝ ይበቃል። ድዷ ከነጣ ወይም ሽንቷ ከቀላ ሐኪም ዘንድ ውሰጃት።

3. «ሲርባት ትበላዋለች» የሚሉሽን አትስሚ፤ ድመት በዚች ምክር ልትሞት ትችላለች። ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ከቆየች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ሊሞላ ይችላል። አንዳንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ስለ ድመት ስትጠይቂ ይስቁና ለከብት የመጣ የቫይታሚን መርፌ ያወጡልሻል። አትቀበዪ። ይልቅ ከቅበላ በፊት የበሬ ልብና ቀይ ሥጋ ገዝተሽ ያለ ጨው ቀቅይና በየቀኑ ድርሻ በላስቲክ አስረሽ ፍሪዘር ክተቺ። ለ4 ኪሎ ድመት በቀን ከ120 እስከ 150 ግራም ይሆናል። ታውሪኑ ወደ ውኃው ስለሚወጣ መረቁን አትድፊ፣ አብረሽ ስጫት። ጉበት በሳምንት አንዴ፣ አውራ ጣት የምታህል ብቻ፤ ሲበዛ አጥንቷን ይጎዳል። ፍሪዘር ከሌለሽ ያለ በርበሬና ያለ ጨው የደረቀ ቋንጣ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፊላት። ዓሣ አራጆቹ ጋ ደግሞ ፊሌቶ ሲያወጡ የሚተርፈው ጭንቅላት አለ። ቀቅለሽ እሾሁን በጣትሽ እየዳበስሽ ልቀሚ። ጥሬውን አትስጪ፤ ብዙ ዓይነት ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን ያፈርሳል። ሥጋ ብቻውን ካልሲየም ያንሰዋልና ከጾሙ ለረዘመ ጊዜ ታውሪን የተጻፈበት የድመት ደረቅ ምግብ ካገኘሽ እሱ ይሻላል። የውሻውን አይደለም።

ውጭ አገር ከዕፅዋት ብቻ የሚሠራ የድመት ምግብ አለ፤ ታውሪኑ በፋብሪካ ተሠርቶ ይጨመርበታል። በእሱም ቢሆን ሽንቷን በየጊዜው ማስመርመር ያስፈልጋል፣ ወንድ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ፣ ቱቦው ጠባብ ስለሆነ በጠጠር ይዘጋል።

የጾሙን ዕቃ ሥጋ እንዳይነካው የድመቷን ድስትና ማንኪያ ለይተሽ በረንዳ ላይ በከሰል ቀቅይላት፤ እናትሽም አይቀየሙም።